በጀልዴሳ ወንዝ ዳር
ስለ አዕዋፍ ጋብቻ ያየነውና የታረምንበት

በየዓመቱ ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ በአገራችን ከተሞችና ገጠሮች የሰርግ ድንኳን ይተከላል። በጾሙ ወራት ቆሞ የነበረው ተክሊል ይፈጸማል፤ ጥሎሽ ይወሰዳል፤ ሙሽራይቱም በእልልታና በዘፈን ትሸኛለች። ባለፈው ሚያዝያ እኛ ያየነው ሰርግ ግን ድንኳን ያልተተከለለት፣ ሚዜም ያልቆመለት ነበር። ያየነውም ከድሬ ዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በጀልዴሳ ቆላ፣ በወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ነው። ሙሽሮቹ አዕዋፍ ነበሩ።

ለዚህ ጉዞ ምክንያት የሆነን የራሳችን ስሕተት ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር። በድሬ ዳዋ በአንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ እናስተምራለን። አንድ ቀን ስለ አዕዋፍ ስናስተምር፥ «ልጆች ሆይ፣ ወፎች ለሰው የጋብቻ ምሳሌ ናቸው። አንዱ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋራ ሆኖ ጎጆ ይሠራል፤ ጫጩቶቹንም አብረው ያሳድጋሉ። ይህን አይታችሁ ተማሩ» ብለን ነበር። ከጀልዴሳ መጥቶ በከተማው ከዘመድ ቤት ተቀምጦ የሚማር አንድ ልጅ እጁን አነሣና፥ «መምህር፣ በእኛ ወንዝ ያለው ቢጫ ወፍ እንዲህ አይደለም። አንዱ ወንድ ብዙ ቤት ይሠራል፤ በየቤቱም ሌላ ሌላ ሴት ትገባለች» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛም ልጁ ለማሾፍ የተናገረ መስሎን «ተቀመጥ!» ብለን በቍጣ አስቀመጥነው። ልጁ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን እጁን ሳያነሣ ቆየ።

ማታ ከቤታችን ገብተን መጽሐፍ ብንገልጥ ልጁ ያለው እውነት ሆኖ አገኘነው። ዝም ያሰኘነው የሳቁትን ሳይሆን እውነቱን የተናገረውን ነበር። ይህ ነገር ሲከነክነን ሰነበተና አንድ ቀን ልጁን ለብቻው ጠርተን፥ «ያልከውን ወፍ ልታሳየን ትችላለህን?» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «ቅዳሜ አባቴ ለገበያ ይመጣል፤ ሲመለስ አብረን እንሂድ። ከአያቴ ቤት ያድራሉ» አለን።

በቀጠሮው ቀን ከልጁና ከአባቱ ጋራ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍረን ወጣን። የሐረር ተራሮች ወደ ኋላችን እየራቁ ሲሄዱ ሙቀቱ እየበረታ መጣ። መንገዱ ውሃ የሌለባቸውን አሸዋማ የወንዝ መውረጃዎች እያቋረጠ፣ በግራርና በእሾኻማ ቍጥቋጦ መካከል ያልፋል። የበልጉ ዝናብ ከጣለ ገና ጥቂት ሳምንት ስለ ሆነ ደረቁ ምድር ለጊዜው አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ግመሎች የግራሩን ቅጠል ይቀነጥባሉ፤ ፍየሎችም በኋላ እግራቸው ቆመው ቅርንጫፉን ይስባሉ። ጀልዴሳ የሚለው ስም በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት እንደ ሆነ የልጁ አባት በመንገድ ላይ ነገሩን።

ጀልዴሳ ዛሬ ትንሽ ቦታ ይምሰል እንጂ በዘመኑ ታላቅ የንግድ በር ነበረ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በዚህ ያርፍ ነበር። ከባሕር የመጣው ግመል ጭነቱን በዚህ ያራግፋል፤ ወደ ደጋው የሚወጣው ዕቃ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. እግሩ ክፉኛ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ሲወርድ ያለፈው በጀልዴሳ ነው። ባቡሩ ንግዱን ወደ ድሬ ዳዋ ከሳበ በኋላ የሲራራው ጫጫታ ቀረ፤ ወንዙና የወንዙ ዛፎች ግን ቀሩ።

ከሐረር ወደ ባሕር ይወርድ ከነበረው ሸቀጥ መካከል ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከቆዳው ጋራ የሰጎን ላባ ይገኝ ነበር። ይህ ላባ በአውሮጳ የወይዛዝርትን ባርኔጣ ለማስጌጥ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ላባው አስቀድሞም የሰርግ ልብስ ነው። ወንዱ ሰጎን ሴቲቱን ሲፈልግ በፊቷ ይንበረከክና ነጫጭ የክንፍ ላባዎቹን ዘርግቶ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያወዛወዘ ይጫወታል። በአውሮጳ የታየው ጌጥ አስቀድሞ በሰጎኒቱ ዓይን ተመርምሮ የተመረጠ ነበር ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ጕልላት መስቀል ላይ እንቍላሉን የምናየው ይህ ወፍ የትዳሩ ሥርዓት ልዩ ነው። ብዙ ሴቶች በአንድ ጎጆ ይጥላሉ፤ የሚታቀፉት ግን ወንዱና አንዲቱ ዋነኛ ሴት ብቻ ናቸው። እርሷ ቀን፣ ጥቁሩ ወንድ ደግሞ ሌሊት ይታቀፋሉ። ብራያን በርትራም የተባለ እንግሊዛዊ በኬንያ በጻቮ ምድር ሲመረምር ዋነኛይቱ ሴት የራሷን እንቍላሎች ለይታ እንደምታውቅና ጎጆው ሲሞላ የሌሎቹን ወደ ዳር እንደምትገፋ አረጋግጦ በ1979 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ማታ ከልጁ አያት ቤት ደረስን። ሽማግሌው ከደጅ ወጥተው ተቀበሉን፤ ሆጃም ከነወተቱ ቀረበልን። አማርኛቸው ጥቂት፣ የእኛም ኦሮምኛ ከእርሱ ያነሰ ስለ ነበረ ልጁ በመካከላችን አስተርጓሚ ሆነ። የመጣንበትን ጕዳይ ሲሰሙ ፈገግ አሉና፥ «መምህር ወፍ ሊማሩ ከልጅ ልጄ ጋራ መጡ?» አሉ። «አዎን አባቴ፤ እርሱ የሚያውቀውን እኛ አላወቅንም ነበር» አልናቸው። ልጁ ይህን ቃል ሲተረጕም ድምፁ ዝቅ አለ።

ገና ጎሕ ሳይቀድ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰን። እንደ ደወል የጠራ፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚወርድ ጩኸት ነው። «ይህ ወፍ ምን ያህል ብርቱ ድምፅ አለው!» ብንል ልጁ፥ «አንድ አይደለም መምህር፣ ሁለት ናቸው። አንዱ ከሾላው ላይ ነው፤ ሁለተኛዋ ከቍርቍራው ውስጥ ናት» አለን። ጆሯችንን አቅንተን ብናዳምጥ እንደ ተናገረው ሆነ። ድመናማ ሰማይ የመሰለ ጥቁር ግራጫ ወፍ ሲጀምር ጓደኛዋ ቃሉን ከአፉ ነጥቃ ትፈጽመዋለች። በመካከሉ አንዲት እስትንፋስ የምታህል ክፍተት ስለማትገኝ ሰሚው ሁሉ አንድ ወፍ ነው ይላል።

በልጅነታችን ከቅኔ ማሕሌት ቆመን በቀኝና በግራ ሆነን ስንቀባበል መሪጌታው የሚቈጡን የግራው ወገን ጥቂት የዘገየ እንደ ሆነ ነበር። እነዚህ ወፎች ቢሰሙን ኖሮ ይታዘቡን ነበር! ዊልያም ቶርፕ የተባለው የካምብሪጅ ሊቅ የዚህን ወፍ ዘመዶች ዜማ በምሥራቅ አፍሪካ ቀድቶ ሲለካ የቅብብሉ ጊዜ ከሰከንድ ጥቂት ክፍል እንደማያልፍ በ1963 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ባልና ሚስቱ በመልክ አይለያዩም፤ ዓመቱን ሙሉም በአንድ ቦታ ይኖራሉ። በጥቅጥቅ ቅጠል ውስጥ ዓይን ስለማያይ በድምፅ ይገናኛሉ፤ ለጎረቤትም «ይህ ቦታ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ሁለት ነው» ብለው ያስታውቃሉ። ይህን ስንሰማ፥ «እነሆ፣ በክፍላችን የተናገርነው ወፍ ይህ ነው» ብለን በልባችን ተጽናናን።

ፀሐይ ስትወጣ ግን ልጁ ከወንዙ ጥግ ወዳለ አንድ ታላቅ ግራር ወሰደን። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ጎጆ አንጠልጥለዋል፤ ጩኸቱም ገበያ ይመስላል። ቢጫ ላባ የለበሱ፣ ፊታቸው ቡናማ የሆነ ሸማኔ ወፎች ይመላለሱበታል። ይህ ዐይነት ወፍ በውጭ አገር መጻሕፍት የሚጠራው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን በጎበኘው በጀርመናዊው ተመራማሪ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው።

የሸማኔ ወፍ ሙያ ሊያዩት የሚገባ ነው። ወንዱ አረንጓዴ የሣር ቅጠል በምንቃሩ ሰንጥቆ ያመጣል። በመጀመሪያ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱም ላይ ተቀምጦ በፊቱ ማደሪያውን፣ በኋላውም መግቢያውን ይሸምናል። ሣሩን ይቋጥራል፣ ያሾልካል፣ ይስባል፤ እጅ የለውም፣ ነገር ግን የዶርዜ ሸማኔ የሚያውቀውን ያውቃል። ጎጆው ሲያልቅ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል። ይህ ጩኸት ሽማግሌ መላክ ነው። ደብዛዛ ቀለም ያላት ሴት ትመጣለች፤ ወንዱን ብዙም አትመለከተውም። ገብታ ቤቱን ትመረምራለች፤ ሣሩን በምንቃሯ እየጎተተች ጥንካሬውን ትፈትናለች። ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ ሣር ታነጥፋለች፤ ካልወደደችው ሂያጅ ናት።

በዓይናችን ፊት ሦስት ሴቶች አንዱን ጎጆ አይተው ሄዱ። ሣሩ ደርቆ ወደ ቡናማነት ተለውጦ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ የሚወዱት ትኵሱንና አረንጓዴውን ነው። ወንዱ ጥቂት ጮኸ፤ ከዚያም የገዛ ሥራውን ጭረት በጭረት አፍርሶ ወደ መሬት ጣለው። ጥቂት ቆይቶም በዚያው ቅርንጫፍ አዲስ ሣር ማሰር ጀመረ። ገና ላባቸው ያልበሰለ ጎረምሶችም በዛፉ ዳር የተጣመመ ጎጆ ይሞክሩ ነበር፤ ይህ ሙያ ያለ ልምምድ አይገኝምና።

ልጁም በጣቱ እያመለከተ፥ «መምህር፣ ይህን ወንድ ይከተሉት። ይህ የእርሱ ነው፤ ያም የእርሱ ነው፤ ያኛውም» አለን። እኛም አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ብንመለከት አንዱ ወንድ አራት ጎጆ ይጠብቅ ነበር፤ በሁለቱ ሁለት ሴቶች ሲወጡና ሲገቡ አየን። አንዲቱን ካስገባ በኋላ ሌላ ቤት ይሠራል፣ ሌላይቱንም ይጠራል። ጫጩት የመመገቡ ድካም በአብዛኛው በሴቶቹ ላይ ነው።

«ልጄ፣ እውነቱ ከአንተ ጋራ ነበር» አልነው።

«ዐውቃለሁ መምህር» አለ፤ ፊቱን ወደ ዛፉ እንዳደረገ።

ሙቀቱ ሲበረታ ሽማግሌው ምርኵዛቸውን ይዘው መጡና ወደ አንድ ያረጀ ሾላ መሩን። ቀይና ቆልማማ ምንቃር ያለው፣ የእርኩም ዘመድ የሆነ ወፍ በረረና በግንዱ ላይ አረፈ። በግንዱ ላይ የነበረ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ከምንቃር ውፍረት የማይበልጥ ስንጥቅ ብቻ ቀርቶታል። ወፉ በአፉ የያዘውን አንበጣ በስንጥቁ አቀበለ፤ ከውስጥም አንድ ምንቃር ወጥቶ ተቀበለ።

ይህች ወፍ እንቍላል ልትጥል ስትል በዛፍ ጕድጓድ ትገባና በሩን በጭቃና በኵሷ ትደፍነዋለች። ከዚያም የክንፏንና የጅራቷን ላባ ታራግፋለች፤ መብረር የማትችል ትሆናለች። ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ የእርሷም የጫጩቶቹም ምግብ የሚመጣው በባሏ አፍ ነው። እንቍላሉ 24 ቀን ያህል ይታቀፋል፤ የመጀመሪያው ጫጩት ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆነው እናቲቱ አዲስ ላባ አብቅላ በሩን ሰብራ ትወጣለች። የቀሩት ጫጩቶችም በሩን መልሰው ይደፍኑታል፤ ከዚያ ወዲያ አባትና እናት አብረው ይመግባሉ። እባብና ሌላ አውሬ እንዳይገባ የተዘጋው በር ለእርሷ ምሽግም እስር ቤትም ነው። የእምነቷ ልክ የባሏ መመላለስ ነው።

ይህን ስንተርክ ሽማግሌው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ሲቈዩም እንዲህ አሉ፦ «አምና ከዚህ በላይ አንድ ሾላ ቈረጥን። ሲወድቅ ከሆዱ አንዲት ላባ የሌላት ወፍ ወጣች፤ በመሬት ላይ ትንፏቀቅ ነበር። በሽታ ያለባት መስሎን ልጆቹ እንዳይነኳት አልን። አንድ ሌላ ወፍ ግን በአፉ ምግብ ይዞ እስኪመሽ ድረስ ዛፉ በነበረበት ቦታ ሲዞር ዋለ። ምን እንደሚፈልግ አላወቅንም ነበር።» ከዚህ በኋላ ማንም ለጊዜው አልተናገረም።

በመጨረሻም ሽማግሌው፥ «እንጨት ያስፈልገናል መምህር። የሚሸጥ ከሰል ባይኖረን የዚህን ልጅ ደብተር በምን እንገዛለን?» አሉ። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም፤ የከሰሉ ገዥዎች የከተማ ሰዎች እኛው ነንና። እርሳቸው ግን ወደ ጭቃው ቀና ብለው፥ «የበሰበሰና ጕድጓድ ያለው ሾላ ለከሰልም እምብዛም አይጠቅምም። ከእንግዲህ መጥረቢያ ከማንሣታችን በፊት ዞረን ጭቃ እናያለን» አሉ።

ከሰዓት በኋላ በሣሩ ሜዳ ጥቁር ጅራቱ ከአካሉ እጅግ የሚረዝም ትንሽ ወፍ ወደ ላይ እየወጣ ሲንሳፈፍ አየን። ይህ ወፍ በዝናቡ ወራት ይህን ልብስ ለብሶ ሴቶችን ይጠራል፤ ሲያልፍም አውልቆ ድንቢጥ ይመስላል። ጎጆ አይሠራም፤ ሴቲቱም አትታቀፍም። እንቍላሏን ክንፈ አረንጓዴ በሆነች በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ትጥላለች፤ ጫጩቱም ከባለቤቲቱ ልጆች ጋራ ያድጋል። የሚያስደንቀው ግን ወንዱ ሲያድግ ያሳደገውን እንግዳ አባት ዜማ ማዜሙ ነው፤ ሴቲቱም ያንን ዜማ ከልጅነቷ ስለምታውቀው ባሏን በእርሱ ትለያለች።

እንግዲህ በአንድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ቀን፣ የተለያዩ ሥርዓቶችን አየን፦ ሁለት ሆነው እንደ አንድ የሚያዜሙ፣ ብዙ ሚስት የሚያገቡ፣ በጭቃ በር የሚተማመኑ፣ ልጃቸውን በሰው ቤት የሚጥሉ። ይህ ልዩነት ከምን መጣ?

ጆን ክሩክ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የሸማኔ ወፎችን ወገን መርምሮ በ1964 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ ለዚህ ብርሃን ይሰጣል። በደን ውስጥ የሚኖሩትና ትል የሚለቅሙት ሸማኔዎች አንድ ለአንድ ይጋባሉ፤ ጎጏቸውን ለብቻ ይሠራሉ፤ ወንዱና ሴቷም በመልክ ይቀራረባሉ። በሜዳ የሚኖሩትና ዘር የሚበሉት ግን በማኅበር ይሠራሉ፤ ወንዱ ደማቅ ይለብሳል፣ ብዙ ሴትም ያገባል። በደን ውስጥ ትል ተበታትኖ ስለሚገኝ ጫጩት ለማሳደግ ሁለት ወላጅ ያስፈልጋል። ዝናብ በጣለበት ሜዳ ግን ምግቡ ለጊዜው ስለሚትረፈረፍ አንዲት እናት ብቻዋን ትችላለች፤ እሾኽ ያለው ጥሩ ዛፍ ግን ጥቂት ስለ ሆነ ሁሉም በአንዱ ላይ ይሰበሰባል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በየግቢያችን አጥር የምናየው ቢጫና ጥቁር ሸማኔ ወፍ የጀልዴሳው ዘመድ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ሴት ጋራ ለብቻው ይኖራል።

በዓለም ትላልቅ የሐሩር ደኖችም ይህ ሚዛን ይሠራል። በኒው ጊኒ ደን የገነት ወፍ የተባሉት፣ በአሜሪካ ሐሩር ክፍልም ማናኪን የተባሉት ትናንሽ ወፎች አብዛኞቹ ፍሬ በሊታ ናቸው። ፍሬ ለለቃሚው ስለማያስቸግር እናቲቱ ብቻዋን ታሳድጋለች፤ የወንዱም ሥራ ጌጥና ጭፈራ ብቻ ሆኖ ቀረ። በኮስታ ሪካ ከሚገኙት ማናኪኖች አንዱ ዐይነት ሁለት ወንዶች ሆኖ ለዓመታት አብሮ ይጨፍራል፤ የሚያገባው ግን ታላቁ ብቻ ነው፤ ታናሹ ተራውን ይጠብቃል። ነገር ግን ፍሬ በሊታ ሁሉ እንዲህ አይደለም። በሐረናና በከፋ ደኖቻችን የሚኖረው በራሱ ላይ ቀንድ መሰል ጕብታ ያለው ትልቅ ወፍ ፍሬ እየበላ ሚስቱን እንደ ጀልዴሳው ወፍ በዛፍ ውስጥ ዘግቶ ይቀልባል፤ የታሰረች እናት ብቻዋን ልትችል አትችልምና።

እኛ በክፍል የተናገርነውም ከባዶ የተነሣ አልነበረም። ዴቪድ ላክ የተባለው ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ከዐሥር የወፍ ዐይነት ዘጠኝ ያህሉ በጥንድ እንደሚኖር ጽፎ ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የጫጩትና የወላጅ ደም በዘር ምርመራ ሲታይ በጥንድ ከሚኖሩትም ብዙዎቹ የሌላ አባት ልጅ እንደሚያሳድጉ ታወቀ። በናሚቢያ በአንድ ቀይ ምንቃር ባለው የጀልዴሳው ወፍ ዘመድ ላይ የተደረገውና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርመራ ግን ጫጩቶቹ ሁሉ የመጋቢው አባት ልጆች መሆናቸውን አሳየ።

ስለዚህ አዕዋፍን «ይህ ጨዋ፣ ያ ባለጌ» ብሎ መለየት አይገባንም። ሸማኔው አልማለም፤ ቃልም አላፈረሰም። የዛፍ ጕድጓድ፣ የትል ብዛት፣ የዝናብ ወቅት እያንዳንዱን በየመንገዱ መርቶታል። የሰው ጋብቻ በፈቃድና በቃል ኪዳን የጸና ስለ ሆነ ምሳሌውን ከወፍ መለመን አያስፈልገውም። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር፤ መልካም ምክር ለመስጠት ብለን ያላየነውን እንዳየን አድርገን ተናገርን። ምክሩ እውነተኛ ቢሆንም በሐሰት ምስክር ሊቆም አይገባውም ነበር።

ሰኞ ጧት ከክፍል ስንገባ ከትምህርቱ አስቀድመን፥ «ባለፈው ስለ ወፎች የነገርናችሁ ትክክል አልነበረም። እጁን አንሥቶ የነገረን ልጅ ትክክል ነበር፤ እኛም ሄደን አየን» አልናቸው። ማንም አልሳቀም። ከዚያም ጠመኔውን ለልጁ ሰጥተን ወደ ሰሌዳው ጠራነው። ቀስ ብሎ ተነሣ። በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሣለው ቢጫውን ወፍ አልነበረም፤ አንድ ያረጀ ሾላ ነበር። በግንዱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አደረገና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፥ «በዚህ ውስጥ ሰው የማያያት አንዲት ወፍ አለች» ብሎ ማስተማር ጀመረ።